ሐይቁን ለማየት የተከፈለ 22 ሺህ ዶላር

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ ደንበኛዬ ያቀረቡልኝ ጥያቄ ነው። ባለፈው ማርች ወር፣ የታክስ ወረቀት ቢሮዬን ባጨናነቀበት ሰሞን፣ እዚህ ቶሮንቶ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዱ አንድ ጋሼ መጡና ከነዳጅና ከኢንሹራንስ ደረሰኞቻቸው ጋር አንድ ወፍራም ውል ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። «ስማኝ ወንድሜ፤ ይኼን ከታክስ ልታስቀንስልኝ ትችላለህ?» አሉኝ። ውሉ በ2017 የፈረሙት የኮንዶ መግዣ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ)። 19ኛ ፎቅ፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ፊቱ ወደ ደቡብ። ዋጋው 548 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ ከዚሁ ውስጥ 22 ሺሁ ለፎቁ ከፍታና ሐይቁን ለማየት ተብሎ የተጨመረ ነበር። በ2021 ገቡበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን ይዘው ኦንታሪዮ ሐይቅን ሲያዩ ከረሙ። በ2023 ከመንገዱ ማዶ ክሬን ቆመ። ዛሬ ከመስኮታቸው የሚያዩት የሌላ ሰው ሳሎን ነው።

«ሐይቁን ከፍዬበታለሁ፤ ሐይቁ ግን የለም። ይኼ ኪሳራ አይደለም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልሴ አጭር ነበር፤ አይቀነስም። እሳቸው ሲወጡ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ወገኖቻችን በዚህ ከተማ ከሱቅና ከታክሲ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ከሚያውሉባቸው ነገሮች ዋነኛው ዛሬ ኮንዶ ሆኗል። ስለዚህ በኮንዶ ውል ውስጥ ምን እንደሚገዛና ምን እንደማይገዛ ረጋ ብለን ብንነጋገር አይከፋም።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ «ኮንዶሚኒየም» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መንግሥት በዕጣ የሚያድለውን አራት አምስት ፎቅ ቤት ነው። እዚህ ኮንዶሚኒየም የሕንጻው ዓይነት ስም ሳይሆን የባለቤትነቱ ዓይነት ስም ነው። ከግድግዳዎ ውስጥ ያለው የግልዎ ነው፤ ሊፍቱ፣ ጣሪያው፣ ኮሪደሩ፣ የውጭው መስታወት በአብዛኛው የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት ነው። ከሕንጻው ውጭ ያለው አየርና ሰማይ ግን የእርስዎም የጋራም አይደለም። የጎረቤቱ መሬት ባለቤት ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ገና በ1610፣ የዊልያም አልድሬድ ጉዳይ በሚባለው ክርክር፣ ማራኪ እይታ የዓይን ደስታ እንጂ ለኑሮ የግድ አስፈላጊ ስላልሆነ ለእሱ መክሰስ እንደማይቻል አመልክቷል። እዚያው እንግሊዝ አገር በ1832 በወጣ ሕግ መስኮትዎ 20 ዓመት ያለማቋረጥ ብርሃን ካገኘ ለብርሃኑ መብት ሊያገኙ ይችላሉ። ይህም ለብርሃን እንጂ ለእይታ አይደለም። የኦንታሪዮ ሕግ ደግሞ ይህንንም ከልክሏል፤ ብርሃን ለብዙ ዓመት ስላገኙ ብቻ የብርሃን መብት አይኖርዎትም። የከተማው ኦፊሻል ፕላን የሚጠብቃቸው እይታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ኩዊንስ ፓርክ ያለው የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሕንጻና አሮጌው ሲቲ ሆል ከተወሰኑ የሕዝብ ቦታዎች ሲታዩ እንዳይሸፈኑ የሚል ነው። ይህ እግረኛው ከመንገድ ላይ የሚያየውን የሚመለከት ሕግ ነው። የግለሰብን ሳሎን አይመለከትም።

ታክሲ የምትነዱ ወገኖች ሮያል ዮርክ ሆቴል በር ላይ ተሰልፋችሁ ሰው ስትጠብቁ ቀና ብላችሁ እዩት። በ1929 ሲከፈት፣ በእንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ ውስጥ ረጅሙ ሕንጻ እሱ ነበር፤ 28 ፎቅ። ዛሬ በዙሪያው ካሉት መሐል አጭር ነው። ሲ ኤን ታወር በ1976 ሲያልቅ ደግሞ አጠገቡ የባቡር ሐዲድና ባዶ መሬት ነበር፤ አሁን በጋርዲነር ስትነዱ ግራና ቀኝ መስታወት ብቻ ነው የምታዩት። የቶሮንቶ ስታር ጋዜጣ ሕንጻ በነበረበት በ1 ያንግ ስትሪትም ከ100 ፎቅ በላይ የሚሆን ማማ ተፈቅዷል። በዚህ ከተማ ትልቅ ስም ያለው ሆቴል እንኳ ሐይቁን ማስቀረት ካልቻለ፣ የ19ኛ ፎቅ ባለ አንድ መኝታ ቤት ባለቤት ምን ያህል ዋስትና ይኖረዋል ብለው ያስቡ።

ወደ ደንበኛዬ ውል ልመለስ። ቁጭ ብለን አብረን አነበብነው። ከስልሳ ገጽ በላይ ነው፤ ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ። መሐል ላይ እንዲህ የሚል ሐሳብ ያለው አንቀጽ አገኘን፦ ሠሪው ኩባንያ ስለ እይታ ምንም ዋስትና አይሰጥም፤ በአካባቢው ወደፊት በሚሠራ ሕንጻ ምክንያት እይታው ቢሸፈን ገዢው ካሣ አይጠይቅም። ቀጥሎ ደግሞ፣ በጽሑፍ ካልሰፈረ በቀር በቃል የተነገረ ተስፋ ሁሉ የውሉ አካል አይደለም ይላል። እሳቸው ግን የሚያስታውሱት የሽያጭ ሠራተኛይቱን ነው። «ከፊት ለፊት ምንም አይመጣም ብላኛለች» ይላሉ። ብላቸው ይሆናል። በሽያጭ ቢሮው ውስጥ የነበረው ትንሽዬ የሕንጻ ሞዴልም በዙሪያው ምንም አልነበረውም፤ የጎረቤቱ መኪና ማቆሚያ በሞዴሉ ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ነበር አሉኝ። ሞዴል ውል አይደለም። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሐይቅ ፎቶግራፍም ውል አይደለም።

ታዲያ ለምን ከታክስ አይቀነስም? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ቤቱ አልተሸጠም፤ ያልተሸጠ ንብረት ዋጋው ቢወርድም ለካናዳ ሬቨኒው ኤጀንሲ ገና ኪሳራ አይደለም። ሁለተኛው የበለጠ ይጎረብጣል፤ ቤቱን ዛሬ በኪሳራ ቢሸጡት እንኳ የሚኖሩበት ቤት የግል መጠቀሚያ ንብረት ስለሆነ ኪሳራው በሕግ ዜሮ ነው። መኖሪያ ቤት ሲሸጥ ትርፉ ከታክስ ነጻ ይሆናል፤ ኪሳራውንም መንግሥት አይጋራዎትም። (ትርፉ ነጻ ቢሆንም ከ2016 ወዲህ ሽያጩን በታክስ ቅጽ ላይ ማስታወቅ ግዴታ መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳል።) ቤቱን ያከራዩት ቢሆን ኖሮ ሲሸጡ የሚደርሰው ኪሳራ ይቆጠር ነበር፤ ግን የሚቀነሰው ከሌላ የካፒታል ትርፍ ላይ እንጂ ከታክሲ ገቢዎ ላይ አይደለም።

22 ሺሁ ዶላር ራሱ 22 ሺህ አለመሆኑንም አስሉት። ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ሞርጌጅ ውስጥ ገብቶ በ5 በመቶ ወለድ በ25 ዓመት ቢከፈል በወር ወደ 128 ዶላር፣ በጠቅላላው ከ38 ሺህ ዶላር በላይ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ለሁለት ዓመት የጠዋት ቡና ነው።

«ታዲያ ፊቱ ወደ ሐይቅ የሆነ ቤት አንግዛ ወይ?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ አላልኩም። ከመክፈልዎ በፊት ከፊት ለፊት ያለውን መሬት ይመርምሩ ነው የምለው፤ ይህም ለታክሲ ነጂ ከማንም በላይ ቀላል ነው። ቦታው ድረስ ነድተው ይሂዱና በመስኮቱና በሐይቁ መካከል ምን እንዳለ ይዩ። መካከል ላይ ያለው ሰፊ መንገድና የሕዝብ ፓርክ ብቻ ከሆነ እይታው ዕድሜ ይኖረዋል። ያለው የመኪና ማቆሚያ፣ የነዳጅ ማደያ፣ አሮጌ መጋዘን ወይም ባለ ሁለት ፎቅ ሱቅ ከሆነ ግን እይታውን በውሰት ነው የያዙት። በዳውንታውን ቶሮንቶ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ማለት ገና ያልተሠራ ኮንዶ ማለት ነው። በአጥሩ ላይ የከተማው የማስታወቂያ ሰሌዳ ካለ ቆም ብለው ያንብቡት፤ ስንት ፎቅ እንደተጠየቀ ተጽፎበታል። ሰሌዳ ከሌለም ሲቲ ሆል የፕላን ክፍል ሄደው የመንገዱን ቁጥር ቢሰጡ የቀረበ ማመልከቻ ካለ ያሳይዎታል፤ የሕዝብ መዝገብ ስለሆነ ማንም መጠየቅ ይችላል።

አንድ ቁጥርም ይያዙ፤ 25 ሜትር። ከተማው በ2013 ባወጣው የረጃጅም ሕንጻዎች መመሪያ መሠረት በሁለት ማማዎች መካከል ቢያንስ 25 ሜትር መኖር አለበት። እያንዳንዱ ወገን ከወሰኑ 12 ሜትር ተኩል ይሸሻል ማለት ነው። 25 ሜትር ማለት ግን በረድፍ የቆሙ አምስት ታክሲዎች ያህል ነው። ያን ያህል ርቀት ላይ የቆመ ጎረቤት የሚመለከተው የቴሌቪዥን ጣቢያ የቱ እንደሆነ ይታወቃል። መመሪያው ደግሞ መመሪያ እንጂ የማይነቃነቅ ሕግ አይደለም። ሠሪው በከተማው ውሳኔ ካልተስማማ ወደ ኦንታሪዮ የመሬት ትሪቡናል ይግባኝ ይላል፤ ብዙ ጊዜም እዚያ ስምምነት ይደረጋል።

እስካሁን ያወራነው ስለ እይታ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወገኖቻችንን ኪስ የጎዳው እይታው አይደለም፤ ገና ያልተሠራ ኮንዶ የመግዛት አካሄዱ ነው። የካናዳ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ በ2022 መጀመሪያ ከነበረበት ሩብ በመቶ በ2023 ሐምሌ ወደ 5 በመቶ ወጣ፤ በኋላ ቢወርድም ዋጋውን ይዞት ወርዷል። በ2024 በቶሮንቶ አካባቢ የተሸጠው አዲስ ኮንዶ ቁጥር ከ1990ዎቹ ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። በያንግና በብሎር ማዕዘን ላይ 85 ፎቅ ይሆናል የተባለው ትልቅ ሥራ በ2023 ኦክቶበር በፍርድ ቤት በተሾመ ተቆጣጣሪ እጅ መግባቱን በጋዜጣ አንብበን ነበር።

የሒሳቡን አካሄድ በምሳሌ ላሳይ። አንድ ሰው በ2022 መጀመሪያ 750 ሺህ ዶላር ፈረመ እንበል። 20 በመቶ፣ ማለትም 150 ሺህ ዶላር ዲፖዚት በየጊዜው ከፈለ። በ2025 ቤቱ አልቆ ክሎዚንግ ሲደርስ ባንኩ የራሱን ገማች ላከና ቤቱ 620 ሺህ ዶላር ነው አለ። ባንክ የሚያበድረው ከውሉ ዋጋ ሳይሆን ከግምቱ ነው፤ 80 በመቶው 496 ሺህ ይሆናል። 150 እና 496 ሲደመሩ 646 ሺህ ነው። የጎደለው 104 ሺህ ዶላር ከኪስ መምጣት አለበት፤ ያውም በቀጠሮው ቀን። ካልመጣ ዲፖዚቱ ሊወሰድ ይችላል፤ ኩባንያው ቤቱን በዝቅተኛ ዋጋ ለሌላ ሸጦ ልዩነቱን በፍርድ ቤት ሊጠይቅም ይችላል። «ዲፖዚቴን ትቼ እሄዳለሁ» የሚለው ንግግር ስለዚህ ሁልጊዜ የነገሩ መጨረሻ አይደለም።

የዝውውር ታክሱም አለ። በቶሮንቶ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ አንዱ ለክፍለ ሀገሩ፣ አንዱ ለከተማው። በ750 ሺህ ዋጋ ላይ ሁለቱ ተደምረው ወደ 23 ሺህ ዶላር ይጠጋሉ። ለመጀመሪያ ቤት ገዢ ከክፍለ ሀገሩ እስከ 4,000፣ ከከተማው እስከ 4,475 ዶላር ይመለሳል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሐበሻ ይሳሳታል፤ «የመጀመሪያ ቤት» ማለት በካናዳ የመጀመሪያ ማለት አይደለም። በዓለም ላይ የትም ቦታ የመኖሪያ ቤት ባለቤት ሆኖ የማያውቅ ማለት ነው። አዲስ አበባ በስምዎ ኮንዶሚኒየም ደርሶዎት ከነበረ፣ ወይም ከእናትዎ የወረሱት የቤት ድርሻ ካለ፣ ተመላሹ አይገባዎትም። ቅጹ ላይ «የለኝም» ብሎ መፈረም የሐሰት ቃል ነው።

ዲፖዚት ስንል ዋስትናው ምን ያህል እንደሆነ ይታወቅ። ለኮንዶ ዲፖዚት በታሪዮን በኩል ያለው ዋስትና እስከ 20 ሺህ ዶላር ነው፤ ቀሪው በኮንዶሚኒየም ሕጉ መሠረት በአደራ ሒሳብ ሊቀመጥ ይገባዋል። ቼኩን ሲጽፉ ለማን እንደሚጽፉ ያስተውሉ፤ ስሙ ከውሉ ጋር ካልገጠመ እጅዎን ይሰብስቡ።

ሕንጻው ለመኖር ዝግጁ ሆኖ ገና በመንግሥት መዝገብ ሳይመዘገብ የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ አለ፤ ሰዎች «የሙት ኪራይ» እያሉ ይቀልዱበታል። በዚህ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ቢገቡም ባይገቡም ለኩባንያው በየወሩ ይከፍላሉ። ክፍያው ያልከፈሉት ዋጋ ወለድ፣ የታክስ ግምትና የሜይንተናንስ ድምር ነው። ዋጋው 600 ሺህ፣ ዲፖዚቱ 120 ሺህ ቢሆን፣ በቀሪው 480 ሺህ ላይ 6 በመቶ ወለድ በወር 2,400 ይመጣል፤ ታክስ 250፣ ሜይንተናንስ 400 ቢጨመር 3,050 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ አንዲት ሳንቲም እንኳ ዕዳዎን አትቀንስም። ዝቅ ያለ ፎቅ የገዛ ሰው ቶሎ ይገባና ረጅም ወራት ይከፍላል፤ የላይኛው ፎቅ የሚጠናቀቀው ዘግይቶ ስለሆነ ለጥቂት ወራት ብቻ ይከፍላል። ለከፍታ ከሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ውስጥ ትንሽ የሚካካስ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ለማከራየት የሚገዛ ደግሞ የኤች ኤስ ቲን ነገር ይጠይቅ። በውሉ ላይ ያለው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የተሰላው ገዢው ራሱ ይኖርበታል ተብሎ፣ ተመላሹ ለኩባንያው እንዲሄድ ታስቦ ነው። የሚያከራዩት ከሆነ ያን ተመላሽ በክሎዚንግ ቀን ራስዎ ከፍለው፣ ከተከራዩ ጋር ቢያንስ የአንድ ዓመት ውል ይዘው መልሰው መጠየቅ አለብዎት። የኦንታሪዮ ድርሻ ብቻውን ለብዙ ዓመታት እስከ 24 ሺህ ዶላር ነበር። ገንዘቡ ሊመለስ ይችላል፤ ግን በዚያች ቀን እጅዎ ላይ መኖር አለበት። ስለ ኤች ኤስ ቲ ተመላሾች ሕጉ በቅርብ ጊዜ እየተነካካ ስለሆነ ከመፈረምዎ በፊት የዘመኑን ደንብ ከጠበቃዎ ይጠይቁ። ሳይዘጋ ውሉን ለሌላ ለመሸጥ ለሚያስቡም፣ ከሜይ 7 ቀን 2022 ወዲህ በትርፉ ላይ ኤች ኤስ ቲ አለ፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ተይዞ የተሸጠ ቤት ትርፍ፣ እንደ ሞትና ፍቺ ያለ ምክንያት ካልኖረ በቀር፣ እንደ ንግድ ገቢ ሙሉ ታክስ ይከፈልበታል።

ይህ ዓምድ የኢሚግሬሽን ጉዳይም ስለሚመለከተው አንድ ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ባንኩ «ገቢህ አይበቃም» ሲል፣ የወንድምን ወይም የአክስትን ልጅ ስም ውሉ ላይ መጨመር የተለመደ ነው። የተጨመረው ሰው ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ካልሆነ ሁለት ጣጣ ይከተላል። አንደኛው የፌዴራል ክልከላው ነው፤ ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ እስከ ጥር 1 ቀን 2027 የተራዘመ ሲሆን፣ ቢያንስ 183 ቀን የቀረው የሥራ ፈቃድ ያለውን፣ ስደተኛነቱ የተረጋገጠለትንና ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ ለውሳኔ የተላለፈለትን ሰው አይመለከትም። ሁለተኛው የኦንታሪዮ የውጭ ሰው ታክስ ነው፤ ከኦክቶበር 25 ቀን 2022 ወዲህ 25 በመቶ ነው። ከጥር 1 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ ቶሮንቶ ከተማ የራሷን 10 በመቶ ጨምራለች። የሥራ ፈቃድ ያለው ሰው ከፌዴራሉ ክልከላ ቢያመልጥም ከዚህ ታክስ አያመልጥም። ታክሱ የሚታሰበው በዚያ ሰው ድርሻ ላይ አይደለም፤ በጠቅላላው ዋጋ ላይ ነው። የዘመድዎ ድርሻ አንድ በመቶ ቢሆን እንኳ በ750 ሺህ ዶላር ቤት ላይ 187,500 እና 75 ሺህ፣ በድምሩ 262,500 ዶላር ሊጠየቁ ይችላሉ። ለዘመድ ውለታ ብሎ የፈረመ ሰው ይህን ወረቀት ሲያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ቋሚ ነዋሪነት እስኪገኝ መጠበቅ ይሻላል።

ሱቅና ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ከፊታችሁ የሚነሳው ማማ ከእይታ በላይ ነው የሚነካችሁ። መጀመሪያ ኪራዩ ነው። አብዛኛው የሱቅ ውል ከኪራዩ ሌላ የሕንጻውን ታክስ፣ ጥገናና ኢንሹራንስ ተከራዩ ላይ ይጥላል። ሕንጻው ሁለት ፎቅ ቢሆንም ግምቱ የሚሠራው መሬቱ ሊያወጣ በሚችለው ዋጋ ነው። በጃንዋሪ 2016 ዋጋ ላይ በተመሠረተው ግምት በያንግ ስትሪት ያሉ ትንንሽ ሱቆች ታክሳቸው በአንድ ጊዜ ያሻቀበው፣ አጠገባቸው ኮንዶ ስለተሸጠ እነሱም የኮንዶ መሬት ተብለው ስለተገመቱ ነው። ባለሱቁ አንድም ኮንዶ ሳይሠራ የኮንዶ ታክስ ከፈለ ማለት ነው። ከ2022 ወዲህ ከተማው ለትንንሽ ንግድ ሕንጻዎች፣ ሲጀመር 15 በመቶ የነበረ፣ የታክስ ቅናሽ የሚሰጥበት ክፍል አለ። ቅናሹ የሚደርሰው ለባለሕንጻው ስለሆነ የታክስ ወረቀቱን ኮፒ ይጠይቁና ለእርስዎ መቀነሱን ያረጋግጡ። ይህን የመጠየቅ ልማድ የለንም፤ ባለቤቱ የሚልከውን ቁጥር ዝም ብሎ መክፈል ይቀናናል።

ከኪራዩ የሚብሰው ግን በውሉ ጀርባ ያለው የማፍረሻ አንቀጽ ነው። ባለሕንጻው ለማፍረስ ከወሰነ በስድስት ወር ማስጠንቀቂያ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባጠረ ጊዜ፣ ያስወጣዎታል፤ አሥር ዓመት ፈርመውም ቢሆን። አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤቱን፣ የጭስ ማውጫውንና ወለሉን በ90 ሺህ ዶላር አሠራ እንበል። ውሉ አምስት ዓመት፣ ማራዘሚያው ሌላ አምስት ቢሆን፣ በታክስ ሕጉ ወጪው በ10 ዓመት ተከፋፍሎ በግርድፉ በዓመት 9 ሺህ ዶላር ይቀነሳል። በሦስት ዓመቱ ሕንጻው ቢፈርስ 27 ሺሁ ተቀንሷል፣ 63 ሺሁ ቀርቷል። ከታክሲ ነጂው ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ የባለ ምግብ ቤቱ ኪሳራ የንግድ ስለሆነ 63 ሺሁን በዚያው ዓመት መቀነስ ይቻላል። ታክሱ 11 ወይም 12 በመቶ ለሆነ ትንሽ ኩባንያ ግን ይህ በጥሬው የሚያተርፈው ከ7 እስከ 8 ሺህ ዶላር ነው። ቀሪው 55 ሺህ ከሕንጻው ጋር ፈርሷል። ስለዚህ ውል ሲፈርሙ የማፍረሻ አንቀጹ እንዲወጣ ይጠይቁ። አይሆንም ካሉዎት ማስጠንቀቂያው አንድ ዓመት እንዲሆን፣ ያላለቀው የማሠሪያ ወጪም በካሣ እንዲከፈልዎት ያስጽፉ። እምቢ ካለ ባለሕንጻው ሐሳቡን ነገረዎት ማለት ነው፤ 90 ሺህ ዶላር እዚያ አያፍስሱ።

ደንበኛዬን ስሸኝ ስለ ታክሲ ፕሌት አነሳሁባቸው። በ2012 ገደማ የቶሮንቶ ፕሌት ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ እንደ ጡረታ ገንዘብ የያዙት ብዙዎች ነበሩ። በ2016 ከተማው እንደ ኡበር ያሉትን በሕግ ሲያስገባ ዋጋው ተናደ። የፕሌቱ ዋጋ የነበረው በብረቱ ላይ አልነበረም፤ ከተማው ሌላ ሰው ገበያ ውስጥ እንዳይገባ ስለከለከለ ነበር። ክልከላው ሲነሳ ዋጋው አብሮት ሄደ። የሐይቁም እይታ እንዲሁ ነው፤ ጎረቤቱ ገና ስላልሠራ የነበረ ዋጋ ነው። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ሁለቴ በአንድ ቢላ ታረድኩ በለኛ» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

የተረፈላቸውን አብረን ሠራን። ግምቱ ከሐይቅ እይታ ጋር የተሠራ ከሆነ ተብሎ ለገማቹ መሥሪያ ቤት በነጻ የድጋሚ ግምት ጥያቄ አስገባን፤ የማስገቢያው ቀን በግምት ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሞርጌጃቸውንም ከሌላ ባንክ ጋር አወዳደርን። ለመሸጥ ሲሉ ደግሞ ከዚያ በፊት የሕንጻውን ስታተስ ሰርቲፊኬት ያወጡ ዘንድ መከርኳቸው። ዋጋው ከ100 ዶላር አይበልጥም፤ በ10 ቀን ውስጥ መስጠት ግዴታ ነው። የመጠባበቂያ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ የክስ ጉዳይ መኖሩንና ሜይንተናንስ ሊጨምር መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። ያገለገለ ኮንዶ የሚገዛ ሰውም ይህን ወረቀት ጠበቃ ሳያነብለት አይፈርም።

አዲስ ከኩባንያ ለሚገዛ ደግሞ ሕጉ 10 ቀን ይሰጠዋል። የተፈረመው ውልና የሕንጻው መግለጫ ሰነዶች ሁሉ ከደረሱዎት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት በጽሑፍ ሰርዘው ዲፖዚትዎን ሙሉ በሙሉ ማስመለስ ይችላሉ። ያገለገለ ቤት ሲገዙ ይህ መብት የለም። ቢሮዬ ውል ይዘው የሚመጡት ወገኖች ግን አብዛኞቹ የሚመጡት በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው። ውሉን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይዛችሁ ኑ፤ ወደ እኔ ካልተመቻችሁ ወደ ጠበቃችሁ ውሰዱት። መንገድ ላይ ስታልፉም ከሕንጻው ፊት ለፊት ያለውን የመኪና ማቆሚያ የመንገድ ቁጥር ጽፋችሁ ያዙልኝ።